ጋሽ አታብራ

ክንፍ አወጡለት።

በሕይወት ሳለ ሲያላግጡበት የኖሩትን ያንኑ ስቲከር፣ ጣቱን ቀስሮ የሚቆጣበትን ፊቱን፣ ከጀርባው ሁለት ነጭ ክንፍ ሰክተው፣ ከሥሩ ሻማ አብርተው ለጠፉት። ልብስ ሰፊዋ እህቱ የሟቹን ስልክ ይዛ ከስፌት መኪናዋ ፊት እንደተቀመጠች ስታየው ዓይኗን ማመን አቃታት። አንዱ ላከው፤ ሌላው ተቀብሎ መልሶ ላከው፤ ወዲያው ስልኩ በክንፍና በሻማ ተሞላ። «ዋርካችን ወደቀ!» ይላል አንዱ። «አባታችን፣ ያለ እርስዎ ምን እንሆናለን?» ይላል ሌላው። ስቲከሩን መጀመሪያ የሠራው፣ ያን ጊዜ ከሥሩ «ተቆጪው መጣ፣ ሽሹ!» ብሎ የጻፈበት የግሩፑ አድሚን፣ አሁን ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉ አስረዝሞ ያለቅሳል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ድምጿን አውጥታ። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማት ሰው አልነበረም።

ግሩፑ የጥንት ኮምፒውተር ወዳጆች ግሩፕ ነው። ከየመጋዘኑና ከየአልጋው ሥር የወጡ፣ ሠላሳና አርባ ዓመት ያስቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ፎቶ እያነሱ የሚተያዩበት፣ የሚጠያየቁበት፣ የሚቀናኑበት ቦታ። ወንድሟን እዚያ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። «ጋሽ አታብራ» ነበር የሚባለው። አንዱ «ዛሬ ይቺን አገኘሁ፣ አሁን ላበራት ነው!» ብሎ ፎቶ ሲለጥፍ፣ ሌላው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ» ሲል፣ እሱ ብቻ «አታብራ! መጀመሪያ ክፈት። እይ። አሽትት» ይል ነበርና።

እህቱ ኮምፒውተር አትወድም፤ ግን ነገሩን ከመስማት ብዛት ታውቀዋለች። አሮጌ ኮምፒውተር ሆዱ ውስጥ ሰዓት የምታስቆጥር ትንሽ ባትሪ አለችው። ባትሪዋ ስታረጅ ታነባለች፤ እንባዋም ቦርዱን እየበላ አረንጓዴ ያደርገዋል። ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል ውስጥ ያሉት ካፓሲተር የሚባሉት ትንንሽ በርሜሎችም ያብጣሉ። እንዲህ የሆነውን ማሽን ሳይከፍቱ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት አንዴ ጢስ ይልና ያበቃለታል። «የታመመ ሰው ከአልጋ ጎትተሽ ሩጥ ትይዋለሽ?» ይላት ነበር ጋሼ። ጋሼ የምትለው ታላቋ ስለሆነ ነው።

ቁጣው ግን ከኮምፒውተር የመጣ አልነበረም። ዕድሜውን የፈጀው በአሳንሰር ጥገና ነው። ረጃጅም ፎቆች ውስጥ፣ ሰው የማያያቸው ጨለማ ጉድጓዶች ውስጥ፣ በገመድና በቅባት መካከል ነው ያረጀው። አንድ ቀን ጓደኛው ከታች ወርዶ ሲሠራ፣ ከላይ አንዱ ችኩል «እንሞክረው» ብሎ ሳያይ አበራ። ጓደኛው በሕይወት ወጣ፤ እግሩ ግን አልወጣም። ጋሼ ያን ዕለት ቤት ገብቶ እጁን ታጠበ፣ መልሶ ታጠበ፣ ቁጭ አለ፣ ምግብም አልቀመሰ። ከዚያ ወዲህ የቤቱን አምፖል እንኳ ቀና ብሎ ሳያይ አያበራም። ግሩፑ የሚስቅበት «አታብራ» የሰው እግር የተከፈለበት ቃል ነው። ይህን ለግሩፑ ነግሮ አያውቅም። «ለምን አልነገርካቸውም?» ስትለው «እግሩ የእሱ ነው፤ እኔ ምን ብዬ አወራበታለሁ?» ነበር መልሱ።

ኮምፒውተር ውስጥ የገባው መሥሪያ ቤቱ የአሳንሰር ንድፍ ይሠራባት የነበረችውን አንዲት ግራጫ ማሽን ሊጥላት ሲል ነው። በትከሻው ተሸክሟት መጣ። «አሮጊቷ» ብሎ ስም አወጣላት። እሷን ተከትለው ሌሎቹ መጡ፤ በመደርደሪያው ላይ፣ በአልጋው ሥር፣ በመጨረሻም በእህቱ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ። እህቱም በልብስ መቁረጫ ጠመኔ ጠረጴዛውን ለሁለት ከፈለችው። «ከዚህ ወዲህ ጨርቅ፣ ከዚያ ወዲያ ቆርቆሮ። ድንበር የጣሰ ይወረሳል!»

ድንበሩን በየቀኑ ይጥስ ነበር። አንድ ጊዜ ኮምጣጤዋን ከወጥ ቤት አንስቶ ሲሄድ ያዘችው።

«ሰላጣ ልትሠራ ነው?»

«የባትሪ እንባ የሚጠርገው ኮምጣጤ ነው። ቀስ ብለሽ ነው የምትጠርጊው፣ እንዳይቧጠጥ። የጥርስ ብሩሽ ስጪኝ።»

«የማንን?»

«የማትወጂውን ሰው።»

የራሱን ሰጠችው።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ነው አፉን የዘጉት። ነገሩ የሆነው ከመሞቱ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። አንድ አባል ያገኛትን ማሽን በቀጥታ ስርጭት ሊያበራት ተነሳ። ጋሼ «አታብራ» ብሎ ጻፈ። በስቲከሩ መለሱለት። ደግሞ ጻፈ፤ ደግመው ሳቁበት። ሰውየው አበራ፤ ማሽኗ ጢስ አወጣች። ግሩፑ በሳቅ ፈነዳ። ጋሼ ብቻ «አንተ ደነዝ! ሠላሳ ዓመት የኖረችውን በአንድ ጣት ገደልካት» ብሎ ጻፈ። አድሚኑ ወዲያው «በግሩፓችን ስድብ አይፈቀድም፤ መከባበር ይቅደም» አለና ለአንድ ወር ከመጻፍ አገደው። ማሽኗን የገደለው ሰው ምንም አልተባለም። እንዲያውም ብዙ ሰው ስላየለት ተመሰገነ።

ጋሼ ማስታወቂያውን አነበበና መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ምን አሉህ?» አለች እህቱ።

«ዝም በል አሉኝ።»

«አንተስ?»

«ዝም ብያለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

ግን ዝም አላሰኙትም። በአደባባይ የለጎሙትን ሰው በጓሮ በር ይመጡበት ጀመር። «ጋሼ፣ ይቺ ስክሪኗ ይንቀጠቀጣል።» «ጋሼ፣ ይቺ ዲስክ አታነብም።» እሱም ስልኩን ከአፉ አስጠግቶ አንድ በአንድ ያስረዳ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት እህቱ እጅጌ ስትገጥም የአድሚኑን ድምፅ ከስልኩ ሰማች። «ጋሼ፣ እባክዎ፣ የእኔዋ እየጮኸች አልነሳም ብላኛለች። ያለ እርስዎ ማን አለኝ?»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «ይሄ ያ አፍህን የለጎመው አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«በስማም! በየትኛው ፊቱ ነው የሚለምንህ? እንዳትመልስለት!»

ጋሼ ቀና ብሎ አያት፤ የእውነት ግራ የገባው ይመስል ነበር። «ማሽኑ ምን አጠፋ?» አለና ለአድሚኑ ያስረዳ ጀመር።

ይህ በሆነ በሳምንቱ፣ ከምሳ በኋላ፣ አሮጊቷን ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ክዳኗን ገጥሞ፣ ብሎኖቿን ግን ሳያስር፣ በቡና ሲኒ ማስቀመጫ ላይ ትቷቸው ተነሳ። «እንዳትነኪያት። ባትሪዋን አውጥቻለሁ፤ የኃይል ክፍሏ ግን ገና ነው። ትንሽ ጋደም ልበል» አለ። ጋደም እንዳለ ቀረ። ልቡ ናት አሉ።

እና አሁን ክንፍ።

ክንፉንስ ትችለው ነበር። ቆሽቷን ያሳረረው ቀጥሎ የመጣው ነው። አድሚኑ «ብርሃን ለጋሽ አታብራ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። እሑድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እያንዳንዱ አባል ያለችውን አሮጌ ማሽን አውጥቶ በአንድ ጊዜ ያበራል፤ የበራውን ስክሪን ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል። አድሚኑ ራሱ ደግሞ ወደ ሟቹ ቤት ሄዶ አሮጊቷን በቀጥታ ስርጭት ያበራታል። «ዋው!» ይላሉ። «አለቀስኩ!» ይላሉ። «የእኔዋ ከመጋዘን ከወጣች ዓመት ሆኗታል፣ ለጋሼ ስል ላብራት!»

እህቱ ሁለቴ አነበበችው። አታብራ እያለ የሞተውን ሰው በማብራት ሊቀብሩት ነው! ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ነገሩ የከነከነው አንድ ሰው የለም። ቃሉን ቅጽል ስም አድርገው ለብዙ ዓመት ጠሩት፤ አንድ ቀን አልሰሙትም።

በእሱ ስልክ «አታብሩ» ብላ ጻፈች። «በዚህ ግሩፕ ውስጥ መጻፍ አይችሉም» አላት ስልኩ። ሞቶ እንኳ አልፈቱለትም። ክንፍ ሲሰኩለት ልጓሙን ማውለቅ ረሱ።

አድሚኑ ዘንድ ደወለች። የሞባይል መሸጫ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ ከበስተኋላው የደንበኛ ጫጫታ ይሰማል።

«እትዬ! አይዞሽ፣ አፈሩን ገለባ ያድርግለት። እሑድ እንመጣለን።»

«አሮጊቷ አትበራም። የኃይል ክፍሏ አልተጠገነም፤ ራሱ ነው የነገረኝ። ሌሎቹንም ተዉ በላቸው፤ ሳይከፍቱ አያብሩ።»

«ገብቶኛል እትዬ፣ ሐዘን ነው። ለክብሩ እኮ ነው!»

«ክብሩ መስማት ነው።»

«አዎ፣ አዎ፣ ሁሉም ይሰማል፣ ቀጥታ ስርጭት ነው» አለና ወደ ደንበኛው ዞረ።

አጎቷ ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። የቤተሰቡ ታላቅ እሳቸው ናቸው፤ ለአድሚኑ ፈቃድ የሰጡትም እሳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ የሚመጣን ሰው በር ላይ ይመልሳሉ እንዴ?»

«ለቅሶ አይደለም አጎቴ፣ ቪዲዮ ነው።»

«ዘመኑ ነዋ። ቆርቆሮ ቢበራ ባይበራ ለእሱ ምን ይጨምርለታል?»

«ለእሱማ ምንም። ግን በሕይወቱ የለመናቸው አንድ ነገር ነው። ገንዘብ አልለመነ፣ ሹመት አልለመነ። ሳታዩ አታብሩ ብቻ ነው ያለው። እሱንም በሬሳው ላይ ሊረግጡት ነው?»

አጎቷ ወንበራቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ከዚያ «ብቻ እንግዳ እንዳታሳፍሪኝ» አሉ። ይህ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግማሽ ፈቃድ ነው፤ ታውቃቸዋለች።

እሑድ አድሚኑ ጥቁር ለብሶ መጣ። አንዱ አባል አበባ ይዟል፤ ሌላው ስልክና ሦስት እግር ያለው ማቆሚያ። አጎቷን እጅ ነሱ፣ አንገታቸውን ደፍተው ትንሽ ተቀመጡ፣ ከዚያ እየተቻኮሉ ተነሡ። ስልኩን በጠመኔው መስመር ላይ አቆሙት። አበባውን የጨርቅ ክምሯ ላይ ጣል አደረጉት። ስርጭቱ ተጀመረ። አድሚኑ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ዋርካው፣ ስለ አባቱ፣ ስለማይሞላው ክፍተት ተናገረ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ምናልባት የእውነት አዝኖም ይሆናል፤ እሷን ግን ይሄ ጭራሽ አናደዳት። ማዘኑን ካወቀበት ምነው መስማቱ አቃተው?

«አሁን» አለ አድሚኑ፣ «ጋሼ ይወዳት የነበረችውን አሮጊቷን እናበራለን። ሁላችሁም ተዘጋጁ።» እጁን ወደ ማሽኗ ኋላ ሰደደ። ዳበሰ። ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር አየ። «ገመዷስ?» አለ በሹክሹክታ።

«እኔ ኪስ ውስጥ» አለች እህቱ። እሷ አልተንሾካሾከችም።

አበባ ይዞ የመጣው ሰው ሳል ያዘው።

«እትዬ፣ እባክሽ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን! እኔም እንዲያይ ነው የፈለግሁት።» የሥራ ሽርጧን ኪስ በመዳፏ ሸፍና ከማሽኗ ፊት ቆመች። «ገመዱን እሰጥሃለሁ። መጀመሪያ አንተ ስጠኝ።»

«ምን ልስጥሽ?»

«የወንድሜን አፍ። ዘግተህበታል። ክፈት።»

የአድሚኑ ፊት ቀላ። «እሱ… እሱ ሕግ ነው እትዬ፣ ያኔ ሰው ተቀይሞ ነበር…»

«ማሽን ያቃጠለው ተቀየመ፤ አታቃጥል ያለው ታገደ። የታገደውን ደግሞ በጓሮ መጥተህ ‹ያለ እርስዎ ማን አለኝ› አልከው። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። አትመልስለት ብዬው ነበር፤ ‹ማሽኑ ምን አጠፋ› አለኝ። በል ክፈት!»

ስልኩን ያቆመው ሰው ስርጭቱን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ። «ተወው!» አሉ አጎቷ ከወንበራቸው። «ጀምራችሁታል፣ ጨርሱት።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ሰው ቢሆን ያን ጊዜ ጥሎ ይወጣ ነበር። አድሚኑ ግን ስልኩን አወጣና ሁለት ሦስት ቦታ ነካ። «ተከፍቷል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

የጋሼን ስልክ አነሳች። ምን እንደምትጽፍ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ ቃሉን በልቧ ከያዘችው ቆይታለች። «አታብሩ። መጀመሪያ ክፈቱ። እዩ። አሽትቱ።»

ከስሙ ጋር፣ ከፎቶው ጋር፣ ከሟቹ የወጣ ሆኖ ግሩፑ ላይ ወደቀ።

 ከዚያ «ጋሼ???» የሚል መጣ። «ኧረ ጉድ!» «ማነው ይሄን የሚጽፈው?» እሷም «እህቱ ነኝ። እሱማ ሞቷል። የፈለጋችሁትን አልቅሱ፤ ማሽን ግን ሳይከፈት አይበራም» ብላ ጨመረች።

አንዱ ክዳን የወለቀበት ፎቶ ላከ። ሌላው ላከ። ሦስተኛው፣ ያ ከመጋዘን ከወጣች ዓመት የሆናትን የሚያበራው፣ «ወይኔ!» ብሎ ጻፈና ቦርዱን አሳየ፤ ባትሪዋ አንብታ አንብታ ግማሹን አረንጓዴ አድርጋዋለች። ሰዓቱ እስኪደርስ ያልጠበቁ አንዳንዶች ደግሞ ነበሩ። አንዱ «እኔ ቀደም ብዬ ሞከርኳት፣ ጤሳለች» አለ። በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

ወዲያው ግን ይኸው መጣ፦ «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በለቅሶ ቀን እንዲህ በትዕዛዝ ይጻፋል? ትንሽ ጨዋነት ምን ይጎዳል? አድሚን እባክህ!» ሁለት ሰዎች በአውራ ጣት ደገፉት።

የአድሚኑ አውራ ጣት፣ ከልምድ ይመስላል፣ ሊያግዳት ወደ ስልኩ ጥግ ሄደ። እህቱ አየችው። ማየቷን አየ። ስልኩን በሆዱ ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

የጋሼን ካቻቢቴ ከመደርደሪያው አንስታ ሰጠችው። «ብሎኖቿ እንደሆኑ አልታሰሩም። ክዳኗን አንሳና እያት።»

አነሳው። የባትሪዋ ቦታ ባዶ ነበር፤ እንደ ሕፃን ጥርስ ተቦርሾ ጸድቷል። የኃይል ክፍሉን በካቻቢቴው ፈትቶ ሲያይ ግን ትንንሾቹ በርሜሎች ሆዳቸው ተነፍቶ፣ አንዱም ተሰንጥቆ ነበር። አድሚኑ ጎንበስ አለ።

«አሽትት» አለች።

አሸተተ። እንደ በሰበሰ ዓሣ ያለ ሽታ።

«ብናበራት ኖሮ…» አለና ተወው።

«ታዲያ ምን ልታበሩ ነው?» አሉ አጎቷ።

«ምንም አጎቴ» አለች እህቱ። ገመዱን ከኪሷ አላወጣችም።

እንግዶቹ እቃቸውን ሲሰበስቡ የጋሼ ስልክ መጮኹን አላቆመም። አሁን ጥያቄ ነበር የሚመጣው። «ከፍቻለሁ፣ አረንጓዴ ነገር አለ፣ ምን ላድርግ?» «የእኔም አለው፣ በውኃ ይታጠባል?» «በርሜሎቹ አብጠዋል፣ በምን ይቀየራሉ? የትኛውን ልግዛ?» «እትዬ፣ እባክሽ መልሺልን።» «አድሚን፣ አንተ መልስ።» አድሚኑ ቆሞ ከራሱ ስልክ ያነባል፤ የሚመልሰው የለውም። በዚያ ሁሉ ሻማ መካከል የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። አንድ የነበራቸው እሱ ነው፤ የቀረችውን ዕድሜውን በልጓም አሳለፉት።

ንዴቷ አልበረደም። እንዲያውም አሁን ገና ነደደ። ስልኩን ልትዘጋው ነበር። የእኔ ጉዳይ አይደለም፣ ይቃጠሉ፣ ልትል ነበር። ከዚያ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ክዳኗ የወለቀውን አሮጊቷን አየች፤ ማሽኑ ምን አጠፋ?

ተቀምጣ ጻፈች፦

«አረንጓዴውን በኮምጣጤ ጥረጉት። በጥርስ ብሩሽ፣ ቀስ ብላችሁ፣ እንዳይቧጠጥ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አላውቅም። የሚያውቀውን ዝም በል ብላችሁት ነበር።»